ጂን፣ አረቄና የጓሮ ቅጠል

በአውሮፓና በአሜሪካ የሚታተሙትን መጽሔቶች የሚያገላብጥ ሰው፣ የሰኔ ወር በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ገጽ አያጣም። በረጅም ብርጭቆ ውስጥ በረዶ፣ በበረዶው ላይ አንድ ዘለላ ናና፣ ከጎኑም የተቆረጠ ሎሚ በቀለም ታትሞ ይታያል፤ ከሥዕሉ በታችም ጂን በቅጠል እየዘፈዘፉ ለበጋ የሚሆን መጠጥ ስለ ማዘጋጀት የሚያስተምር ጽሑፍ ይከተላል። የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። እነርሱ ፀሐይ ወጣልን ብለው በሐምሌ ወንበራቸውን ወደ ደጅ ሲያወጡ፣ እኛ ወልድያ ላይ ጋቢያችንን ደርበን ዝናቡን በመስኮት እናያለን። ይሁን እንጂ ከዝናቡ በፊት ያሉት ግንቦትና ሰኔ በቆላው አገር የሚናቁ አይደሉም። ከወልድያ ተነሥቶ የደሴን መንገድ በመያዝ፣ ሲሪንቃን አልፎ መርሳ የወረደ ሰው፣ የሀብሩ ፀሐይ ምን እንደ ሆነች ሳይነገረው ያውቃታል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ጥላና ቀዝቃዛ መጠጥ ነው።

ይህ የብርጭቆና የቅጠል ነገር ዛሬ በየስልኩ መስኮት እየታየ ወደ እኛም ደርሷል። ደመወዝ የተቀበሉ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው ሲጨዋወቱ፣ «እኛስ ለምን አንሞክረውም?» ማለታቸው አልቀረም። የሚሞክሩት ግን ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን አይተው እንጂ ነገሩን ዐውቀው አይደለም። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የጥድ ፍሬ ለቅሞ ካቲካላ ውስጥ ይጨምራል፤ ሌላው ጤና አዳም የገባበት አረቄ ሰውን አይጎዳም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወባ ሲይዘው ከሐኪም ይልቅ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበትን መለኪያ ያምናል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የመጠጡን አሠራር ከማስረዳታችን በፊት አንድ ነገር ማስጨበጥ እንወዳለን፤ ይኸውም ቅጠል ለአረቄ ጣዕምና መዓዛ ይሰጠዋል እንጂ መጥፎውን አረቄ ደኅና፣ ደኅናውንም አረቄ መድኃኒት አያደርገውም።

በቅድሚያ ስለ ስሙ እንናገር። በወሎ ምድር አንድ ልጅ ተነሥቶ «ዛሬስ ጂን ልጠጣ ነው» ቢል፣ እናቱ ደንግጣ ዕጣን ለማጨስ ብትነሣ አይፈረድባትም። ሆኖም የመጠጡ ስም ሰው ላይ ሰፈረ ከሚባለው ጂን ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሆላንዶች «የነቨር» ብለው ከሚጠሩት መጠጥ ስም እንግሊዞች አሳጥረው የወሰዱት ሲሆን፣ የሆላንዶቹም ቃል የጥድ ዛፍ በላቲን ከሚጠራበት ስም የመጣ ነው። እንግዲህ ጂን ማለት በእኛ ቋንቋ «የጥድ አረቄ» ማለት ነው። ከእህል የወጣ ንጹሕ አልኮል ይያዛል፤ በዚያ ውስጥ የጥድ ፍሬ፣ ድንብላል፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንድ ሥራ ሥርም ይገባል፤ ከዚያም እንደ ገና ይወጣል፤ ወይም መዓዛው እስኪገባበት ድረስ ተዘፍዝፎ ይጠለላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጂን ተብሎ ለመሸጥ የአልኮሉ መጠን ከመቶ 37.5 እጅ ማነስ የለበትም፤ ከመዓዛዎቹም ሁሉ የጥዱ በልጦ መሰማት አለበት።

አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ስንቱ በእናትህ ማጀት እንዳለ ልብ በል። ድንብላል በርበሬ በሚደለዝበት ቤት ሁሉ አለ። ሎሚና ብርቱካን ደግሞ ከመርሳና ከአካባቢዋ አትክልት ቦታ ወደ ገበያ ይወጣሉ። የሚቀረው ጥዱ ብቻ ነው፤ ስሕተቱም የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ለጂን የሚሆነው ጥድ በሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ኮሙኒስ የሚባል፣ በአውሮፓ ተራሮች ላይ የሚበቅል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥቋጦ የማያልፍ ተክል ነው። በየደብሩ ዙሪያ የምናየው፣ ለቤት ምሰሶና ለአጥር የሚሆነው ረጅሙ የሐበሻ ጥድ ግን ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። ዘመዱ እንጂ እርሱ አይደለም። የጥድ ወገኖች ፍሬ ሁሉ የሚበላ አይደለም፤ ከመካከላቸው መርዘኛ የሆኑም አሉ። የእኛም ጥድ ፍሬ ለመጠጥ ተብሎ የታወቀ ስላልሆነ፣ «ስሙ ጥድ ነው» ብሎ ጠርሙስ ውስጥ መጨመር ትልቅ ድፍረት ነው። በቤቱ የሚያዘጋጅ ሰው የጥዱን ነገር ጂኑን ለሠራው ፋብሪካ ይተውለትና፣ የራሱን እጅ ለናናው፣ ለድንብላሉና ለብርቱካኑ ያቆየው።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ ጂን ከባሕር ማዶ የመጣ ልዩ ጥበብ እንዳይመስለን የገዛ አገራችንን አረቄ አሠራር መመልከት ይገባል። ጌሾው፣ ብቅሉና እህሉ ተደፍድፎ ይፈላል፤ ድፍድፉ በሸክላ ዕቃ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ እየተመራ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርድና አረቄ ይሆናል። ይህን ሥራ በትምህርት ቤት ያልተማሩ፣ ነገር ግን የእሳቱን መጠን በዓይናቸው፣ የአረቄውን ኃይል በጣታቸው የሚለኩ ሴቶች ይሠሩታል፤ ልጆቻቸውንም ያስተምሩበታል። በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ፣ አልኮል ደግሞ በ78 ዲግሪ እንደሚፈላ በኬሚስትሪ ክፍል ስናስረዳ፣ ከተማሪዎቹ መካከል ነገሩን ከእናቱ ምድጃ የሚያውቀው አይጠፋም። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 35 እጅ ገደማ፣ ሁለተኛ የወጣው ዳግም ደግሞ ከመቶ 45 እጅ ገደማ አልኮል ይገኝበታል፤ ከቤት ቤት ግን ይለያያል። ስለዚህ ዳግም ከብዙው ጂን የበረታ መጠጥ ነው።

ቅጠል በአረቄ ሲዘፈዘፍ ለምን መዓዛውን ቶሎ ይሰጣል? የናናም ሆነ የጦስኝ መዓዛ ያለው በቅጠሉ ውስጥ ባለች ጥቂት ቅባት ላይ ነው። ያ ቅባት በውሃ አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይሟሟል። ማስረጃውን ማየት የፈለገ ሰው አንድ መለኪያ ኡዞ አቅርቦ ውሃ ያንጠባጥብበት። ጥርት ብሎ የነበረው መጠጥ ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል፤ ምክንያቱም ውሃው ሲበዛ አልኮሉ ይሳሳና የያዘውን ቅባት ስለሚለቀው ነው። ይህ ባሕርይ ለመዓዛ ሠሪው በረከት ነው። ለአጭበርባሪ ነጋዴም እንዲሁ በረከት ሆኖለት ያውቃል።

እዚህ ላይ የለንደንን ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ጂን በለንደን እጅግ ረክሶ ስለ ነበር፣ ድኻው ሕዝብ ከመጠን በላይ እየጠጣ ብዙ ቤት ፈረሰ። ሻጮቹም ውዱን የጥድ ፍሬ ትተው፣ ሽታውን ለማስመሰል ቀለም የሚቀጠንበትን ተርፐንታይን ይጨምሩበት ነበር። የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1736 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ አልሠራ ቢለው፣ በ1751 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ አውጥቶ ሽያጩን ተቆጣጠረ። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት በዚያው ዓመት ያሳተመው «የጂን መንደር» የተሰኘው ሥዕል፣ ሰክራ ልጇን ከእጇ የጣለችውን እናት እያሳየ እስከ ዛሬ ይታወሳል። በዚያ ዘመን የለንደንን ሰው ያታለለው ሽታው ነው፤ አፍንጫው ጥድ ነው ካለው ምላሱ አልመረመረም።

የእኛም ትልቁ ፍርሃት ከዚህ የራቀ አይደለም። ሜታኖል የሚባል ሌላ የአልኮል ዓይነት አለ፤ ለፋብሪካ ሥራ እንጂ ለሰው ሆድ የተፈጠረ አይደለም። ከእህል ድፍድፍ በሥርዓት በወጣ አረቄ ውስጥ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። አደጋው የሚመጣው ስግብግብ ሰው ለፋብሪካ የሚሆነውን አልኮል በመጠጥ ስም ሲሸጥ ወይም ሲቀላቅል ነው። ሜታኖል በመልኩም፣ በሽታውም፣ በጣዕሙም ከሚጠጣው አልኮል ተለይቶ አይታወቅም። የጠጣው ሰው በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰካራም ይሆናል፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። ዓይኑ ይጨልማል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ቶሎ ካልታከመም ይታወራል ወይም ይሞታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኢራን፣ አልኮል መጠጣት ከኮሮና ተሐዋሲ ያድናል የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ በሜታኖል የተመረዘ መጠጥ የጠጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ወይም ማር ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ ሽታ ይሸፍናል እንጂ። ከጠጡ በኋላ በማግሥቱ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው «ይለቀኛል» ብሎ ሳይተኛ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

የመድኃኒቱን ወሬ ካነሣን ዘንድ ወባን ዘለን ማለፍ አንችልም፤ ሀብሩን የመሰለ ቆላማ አገር በተለይ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከወባ ጋር ይተዋወቃልና። ጂን ከቶኒክ ጋር የመጠጣት ልማድ ራሱ የመጣው ከወባ ነው። ኪኒን ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት የሚገኝ መራራ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ ማናቸውንም እንክብል ኪኒን የምንለው ከዚሁ ስም ተነሥተን ነው። በህንድ አገር የነበሩ እንግሊዞች ምሬቱን መዋጥ ሲያቅታቸው በስኳር፣ በሎሚና በጂን ያለዝቡት ነበር። ነገር ግን ዛሬ በጠርሙስ የሚሸጠው የቶኒክ ውሃ ለጣዕም ብቻ የሚሆን ኪኒን ነው ያለበት። በአሜሪካ ሕግ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ83 ሚሊግራም እንዲበልጥ አይፈቀድም። ለአንድ ጎልማሳ ወባ ሕክምና በቀን ሦስት ጊዜ 600 ሚሊግራም፣ በድምሩ 1800 ሚሊግራም ይሰጥ እንደ ነበር ስናስብ፣ ይህን ከቶኒክ ለማግኘት በየቀኑ ከ21 ሊትር በላይ መጠጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሒሳቡን ተማሪዎች ራሳቸው አካፍለው ይመልከቱት።

በእኛም አገር ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ዘፍዝፎ ለወባ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ የመጣው ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ስለ ሆነ አባቶቻችንን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መኸር የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ያን ጊዜ የወባ ወረርሽኝ ወደ ወይና ደጋው ሳይቀር ወጥቶ፣ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ሲያሳምም 150 ሺህ ያህሉን ገድሏል። በየቤቱ አረቄም ነጭ ሽንኩርትም አልታጣም ነበር፤ ወረርሽኙን ግን አላቆመውም። ከዚያ በኋላ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ቅጠል ፈጽሞ መድኃኒት አይሆንም ማለታችን አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ ዋነኛ የሆነው የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን የተገኘው የእኛ አሪቲና ጭቁኝ ወገን ከሆነ የቻይና ቅጠል ነው፤ ሊቅዋ ቱ ዩዩ ለዚሁ ሥራዋ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ነገር ግን መድኃኒት የሆነው ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በበሽተኛ ላይ ተፈትኖ ነው እንጂ በመለኪያ ተቀድቶ አይደለም። ስለዚህ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው ሰው ብርጭቆውን ያስቀምጥና ደሙን ያስመርምር።

ይህን ሁሉ ካወቅን ዘንድ ወደ ደስታው ክፍል እንሂድ። ለቤት ዝግጅት ከሁሉ የሚሻለው ማኅተሙ ያልተከፈተ የፋብሪካ ጂን ነው፤ በአገራችን ፋብሪካ የሚሠራውም ይበቃል። ግማሽ ሊትር ጂን በንጹሕ የመስታወት ዕቃ ይገለበጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላል በጥቂቱ ተሰነጣጥቆ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭም ነጩ ክፍል ሳይነካ በስሱ ተልጦ ይጨመርበታል። ነጩ ምሬት ስላለው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዕቃው ተከድኖ ከፀሐይ ርቆ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ይቆይና በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል።

በቅጠል ለመሥራት የፈለገ ደግሞ ቅጠሉን በሰዓቱ ማውጣት ይልመድ። ናናና በሶብላ ለስላሳ ስለ ሆኑ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃቸዋል፤ ካደሩ ይጠቁራሉ፣ መጠጡንም ያመሩታል። ከደጋው የሚወርደው ጦስኝና የተቀጠቀጠ ጠጅ ሳር ግን ሌሊቱን ቢያድሩ አይከፋም። ኮረሪማ ብርቱ ስለ ሆነ ለግማሽ ሊትር ሁለት ሦስት ፍሬ ከበቂ በላይ ነው። አዲስ ዕቃ የሚሞክር ሰው አንድ ቅጠል ብቻ ይዝፈዝፍ፤ አምስቱን ከደባለቀ የጣፈጠውንም የመረረውንም ለይቶ ማወቅ አይችልም። ጤና አዳም በወሎ ቡና ላይ የለመድነው ቢሆንም፣ አንዲት ትንሽ ቀንበጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነክራ ትውጣ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳምንም አልኮልንም ጨርሳ መተው አለባት፤ ሁለቱም ፅንስን ይጎዳሉ።

ለመጠጡ አቀራረብ የሚከተለው ይበቃል። እኩል ማርና ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ ይቀዘቅዛል። በረጅም ብርጭቆ በረዶ ይደረግና፣ አንድ መለኪያ ናና የተዘፈዘፈበት ጂን፣ ግማሽ መለኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ መለኪያ የማር ውሃ ይጨመራል፤ የቀረው በአምቦ ውሃ ይሞላል። የቶኒክ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልግም፤ አምቦ ከነጋዙ ሥራውን ይሠራል። ድንብላልና ብርቱካን ለገባበት ጂን ደግሞ በሎሚው ፋንታ ሦስት መለኪያ ትኩስ የተጨመቀ ብርቱካን ቢገባበት፣ ማሩ ሳያስፈልግ ጥሩ የመርሳ መጠጥ ይሆናል። በረዶው የተፈላ ውሃ የረጋበት ይሁን፤ ቅጠሉም በደንብ ይታጠብ።

በእኛ አገር ማዕድ ዙሪያ ግን የሚጠጣውና የማይጠጣው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባለቤቱ ለአንዱ ያጌጠ ብርጭቆ፣ ለሌላው ተራ ለስላሳ ካቀረበ ግብዣው ጎደለ። ስለዚህ አስቀድሞ ብርዝ ይዘጋጅ። አንድ ጭብጥ ጦስኝ ወይም ናና በአንድ ሊትር ውሃ ፈልቶ፣ ተጠልሎና ቀዝቅዞ፣ ማርና ሎሚ ከገባበት በኋላ ከበረዶና ከአምቦ ጋር በዚያው ዓይነት ረጅም ብርጭቆ ይቅረብ። መዓዛው ከጂኑ አያንስም። ማንኪያው፣ ማጥለያውና ብርጭቆው ግን አልኮል ያልነካው ለብቻው የተለየ መሆን አለበት፤ ይህን ማረጋገጥ የጋባዡ አደራ ነው፤ እንግዳው እስኪጠይቅ መጠበቅ ነውር ነው። የሀብሩ ፀሐይ ለጠናበትም ሰው የሚሻለው ይኸው ብርዝ ነው፤ አልኮል ሽንት እያበዛ ውሃን ከሰውነት ያስወጣልና ጥምን አይቆርጥም።

ስለ ልኩም አንድ ቃል እንጨምር። 40 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ መለኪያ፣ ከመቶ 40 እጅ አልኮል ካለው 13 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል አለበት። ማርና ብርቱካን ኃይሉን ከምላስ ይሰውሩታል እንጂ ከደም አያስወጡትም፤ ስለዚህ በእጅ ግምት ከመቅዳት በመለኪያ መቅዳት ይሻላል። ሁለት መለኪያ ለማታው ጨዋታ ይበቃል፤ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ለሚነዳ ግን አንድም አያስፈልገውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ስለሚከለክል፣ ተማሪ አንባቢዎቻችን የብርዙን ክፍል ለራሳቸው ይያዙት፤ የቀረውንም ኬሚስትሪ ብለው ያንብቡት።

እንግዲህ በዚህ ግንቦት እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ናናውን ከጓሮ፣ ብርቱካኑን ከመርሳ ያምጣ፤ ጠርሙሱ ከየት እንደ መጣ ይወቅ፤ በመለኪያም ይቅዳ። ከእንግዶቹ አንዱ ትኩሳት ተሰማኝ ቢል ግን ሌላ ብርጭቆ አይሙላለት፤ ጋቢውን ደርቦለት ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው።